የእሁዱ ዝርዝር

ያለፈውን ወር ቀደድኩና ከቀን መቁጠሪያ፣
«እሁድ፤ ባሕር» ብዬ ጻፍኩ ጀርባው ላይ በመጀመሪያ።
ቀጥዬ «ድስት» አልኩኝ፤ ያ የፓርቬዲ ድስት፣
ሠርግ ካልመጣ በቀር የማይወጣው ከቤት።
ሩዝ አራት ኪሎ፣ ዶሮ፣ ድንች፣ እርድ፣
ለባሌ ቢራ ደግሞ አንድ ባልዲ በረድ።
የማንጎ አቻር። ሰሌን። የአማቼ ወንበር።
ለኪሻን የጎማ ጫማ፤ አምና ጃርት ወግቶት ነበር
(የባሕሩን ነው የምለው፤ የዱሩስ ይሸሻል፣
ይሄኛው ተቀምጦ ተረከዝ ይጠብቃል)።

ደሴታችን ጠባብ ናት፤ ከምሥራቅ ተነሥቶ
ሰው ምዕራብ ይደርሳል ሁለት ሙዝ በልቶ።
ለእኛ ግን ሩቅ ነው፤ ስድስት ቀን ፋብሪካ
የሰው አገር ሸሚዝ ስሰፋ፣ ስለካ፣
ሰባተኛዋ ቀን በእጥበት ታልቃለች፤
ይቺ እሁድ ግን የኔ ናት፣ በእርሳስ ተጽፋለች።

ጋስቶን፣ ባለ አውቶቡሱ፣ በስልክ ሳቀብኝ፦
«ባሕሩ ከደጅሽ ነው፤ ምን አሻገረሽ?» አለኝ።
እውነቱን ነው። የፍላክ ሰው ባሕር አይጠማውም።
ልጆቹ ግን ስሙን ወደዱት፦
ከፍላክ ወደ ፍሊክ-አን-ፍላክ!
ያሺኒ፣ በእርጥብ ነጠላ ጫማ
ሲሚንቶ ላይ እንደሚራመድ ሰው፣
ፍሊክ... ፍላክ... ፍሊክ... እያለች ቤቱን ዞረችው።

መንገዱ ላይ ተጣላን።
ሴልቨን «በዋና ከተማው ይሁን፣ አስፋልቱ ሰፊ ነው» ሲል
ፓርቬዲ «በኪውርፒፕ በኩል!» አለች። እህቷ እዚያ ናት፤
ከሰባት ዓመት በፊት ብርድ ልብስ ተውሳ አልመለሰችም
(ፓርቬዲ ገንዘብ ትረሳ ይሆናል፣ ብርድ ልብስ አትረሳም)።
«ኪውርፒፕ ዝናብ አይጠፋም» አለ ሴልቨን።
«ዝናብማ ካለ ብርድ ልብሱ ያስፈልገናል» አለችው።
ተሸነፈ።

አማቼ ሙቱ ጥግ ላይ ራዲዮኑን እየነካካ
አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀ፦
«ስንት ሰዓት ነው መመለሻው?»
«አሥር ሰዓት፤ ጋስቶን ማታ ሌላ ጉዞ አለው።»
«ደግ» አለ። ራዲዮኑን ዘጋው።

ማታ ሰሃን ሳጥብ በመስኮት አየሁት፣
አጥሩን ተደግፎ፣ ገጀራ ያሻከረው እጁን
በግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ወደ ማሳው ሲያይ።
«ጀንበር ጠለቀች» እንላለን። መጥለቅስ በውሃ ነበር፤
የኛዋ ግን የምትጠልቀው ሸንኮራ ውስጥ ነው፣
እሱ ዕድሜውን ሙሉ ቆርጦ ቆርጦ ባልጨረሰው።
ሰማንያ አንድ ዓመት ከባሕር ስትወጣ አያት፤
ስትገባ አላያት።
ለካ ይህን ነው የጠየቀኝ።
ሳሙናው እጄ ላይ ደረቀ።

ለጋስቶን ደወልኩ። ተከራከርን።
ሁለት ሰሃን ብሪያኒና ሦስት መቶ ሩፒ ጨመርኩለት፤
እያጉረመረመ እሺ አለ።
ከዚያ ላጲስ ይዤ ዝርዝሩን ገባሁበት፦
«ንጋት አሥራ ሁለት» የነበረው «ረፋድ አምስት» ሆነ፤
«መመለሻ አሥር» የነበረው፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ተፍቆ፣
ባዶውን ቀረ።
ኪሻን «ግማሹ ቀን አለቀ!» ብሎ አለቀሰ።
ፓርቬዲ ድስቷን ታቅፋ እቀራለሁ ብላ ዛተች።
ምክንያቱን አልተናገርኩም፤ ሙቱም አልጠየቀ።
ቅዳሜ ማታ ብቻ መጥቶ
«ያንን ነጩን ሸሚዝ ተኩሺልኝ» አለኝ።
ለባሕር ማን ሸሚዝ ያስተኩሳል?

ከወረቀቱ ግርጌ፣ ከጨውና ከፎጣ በታች፣
አንዲት ቃል ጨመርኩ፦ ባትሪ።
«ባትሪ ለምን?» አለ ሴልቨን፣ በትከሻዬ አሻግሮ እያነበበ።
«ለመመለሻ» አልኩት።