ጥርስ የነቀሉበት

ሐይቁ ውኃ ጨርሶ ጨው ብቻ ሲቀረው፣
ከኢያሲ ማዶ፣ ከዐለቱ ጥግ ነው
አያቴ ማሮባ ፍላጻ ’ሚሠራው።
መጀመሪያ በትር፤
ከጣት የቀጠነ፣ ጉድባ ውስጥ ያደገ፣
ጥላ በዝቶበት ብርሃን የፈለገ።
«ቀጥ ያለ እንጨት የለም» ይላል ሲመርጠው፣
«ቀጥ የሚል ብቻ ነው፣ እሱንም ካገኘኸው።»

ቅርፊቱን ይልጥና ትኩስ አመድ ይከተዋል፤
ላብ ላብ ሲል፣ ሽታው ሲዞር፣ ከእሳት ያነሣዋል።
ከዚያ በኋላ ያለው የጥርስ ሥራ ነበር፤
ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ አንገቱን አጥምዞ፣
ጉብጠቱን ነክሶ ያባብለው ነበር።
ትንሽ ይጫነዋል፣ ትንሽ ይለቀዋል፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ፀሐይ ያያል፣
ደግሞ ይነክሰዋል።
በትሩ ላይ የቀረው የንክሻ ማኅተም
እንደ ስሙ ነበር፤ ሌላ ፊርማ የለም።
ሣር ውስጥ ወድቆ ያገኘ መንገደኛ
«የማሮባ ንክሻ!» ብሎ ይጣራል ወደ እኛ።

ብረቱ ከሩቅ ነው።
ዳቶጋው ጊዳሞዋ፣ አንጥረኛው፣
ለአንድ ቅል ማር አራት ሚስማር ይሰጠን ነበር።
ዘንድሮ «ሦስት» አለ።
«ሚስማር ተወዷል፤ ንብ ግን በነጻ ነው።»
አያቴ ዝም ብሎ ክንዱን ገለጠለት፣
ያበጠውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠረለት፤
አራተኛው ሚስማር መጣ።
ላባው የጅግራ ነው፤ ማሰሪያው የድኩላ ጅማት፣
አፍ ውስጥ ውሎ የላመ።
መርዙ የሌላ ቀን ወሬ ነው፣ ማታ አይወራም።

ባለፈው የዝናብ ወር
የቀረችው አንዲት የፊት ጥርሱ
በትር እንደነከሰች እዚያው ቀረች።
አልጮኸም። ከእንጨቱ ላይ ነቀላት፣
መዳፉ ላይ አገላበጣት፣
«አንቺም ደከመሽ?» አላት።
ጥርስ የነቀሉበት ሙያ ሲባል ተረት ይመስላል፤
እሱ ግን ሁለቴ ነቅሎበታል፣
አንዴ ሲጀምር፣ አንዴ ሲጨርስ።
ከዚያ በትሩን ሰጠኝ፤ «ሳይበርድ ንከስ።»

ዓይኑ ፈዟልና የሚያየው በጣቱ ነው፣
መንጋጋዬ ላይ አሳርፎ የሚያዘው።
«ለስለስ። እንጨት ጠላትህ አይደለም።
እዚህ ጋ። ልቀቅ። አሁን አይደለም!»
የመጀመሪያው አፌ ውስጥ ተሰበረ።
ሁለተኛው ጅግራዋን ስቶ አለፈና
ባኦባብ ግንድ ላይ ተተክሎ አደረ።
አያቴ ዳብሶ አገኘውና
«ገደልከው» አለኝ፣ «ግን ማን ይሸከምልሃል?»

ትናንት ልጄ ናንጌ፣ ስድስት ያልሞላው፣
ከእሳቱ ዳር አንድ ጭራሮ አነሣ፤
እንደ እኔ ተቀምጦ፣ እንደ እኔ አጥምዞ ነከሰው።
የወተት ጥርሱ ጭራሮው ላይ ቀረች።
ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣
ሊያለቅስ ቀና ሲል
የአያቴን አፍ አየ፤ ወለል ያለ፣ ባዶ።
ሳቀ።
ሽማግሌውም ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ።
ሁለት ድድ፦ አንዱ ገና የሚያበቅል፣
አንዱ አብቅሎ የጨረሰ፣
እየተገፋፉ፣ እየተያዩ፣ እንደገና እየጀመሩ።

እኔ ብቻ መሀላቸው
በትር ነክሼ ተቀምጬ
መሳቅ አልቻልኩም።
እንጨቱ ትኩስ ነበር፤
ጉብጠቱም ገና አልለቀቀም።