ታጋሿ

ሎሪያን ወደብ ላይ ጠርሙሱ ሲሰበር፣
«ታጋሿ» አሏትና ገፏት ወደ ባሕር።
ነጭ ቀለም ተቀባች፣ ነጭ እንደ ሆስፒታል፤
መድፎቿ ሦስት ናቸው፣ ሐኪም አንድ ይበቃል።

አባቴ ቬሉንዛራ አላየም ቀለሟን፤
እሱ የሚያውቃት ከውስጥ ነው፣ ረኃቧን፦
አንድ አካፋ ከሰል፣ ደግሞ አካፋ ከሰል፣
«ጠገብሁ» የማትል፣ «ይብቃኝ» የማትል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሥር ሲያጎርሳት፣
ስሙን አልጠየቀች፤ እሱ ግን አልረሳት።

ሥራዋ ምን ነበር? አልሁት አንድ ማታ፤
በታጠፉት ጣቶች ቆጠረ በተርታ፦
ግብር ሰብስባለች እስከ አናላላቫ፣
እስረኛ ጭናለች ወደ ኖሲ ላቫ፤
የገዢ ሚስት ፒያኖ በሸራ ጠቅልላ፣
እስረኛው በፀሐይ፣ ፒያኖው በጥላ።

አንዴም . . . አንዴም አንድ መንደር —
ስሙን ጠራውና ዝም አለ አባቴ።
መዝገብ ያዡ ኬርሌኦ፣ ብሬቶኑ፣
እንዲህ ሲል ጽፏል አሉ፦
«ሦስት ተተኩሷል። ነፋስ ቀላል። ዕይታ መልካም።»
ከታች ላለው ሰው፣ እሳት ለሚያጎርሰው፣
ወለሉ ሦስቴ ሲርድ ነው የተሰማው።
«አልጠየቅሁም» አለኝ።
«ከሰል አጎረስኋት።»

ጦርነት መጣና ፈረንሳይ ሁለት ሆነች፤
ታጋሿ ጠዋት ለአንዷ፣ ማታ ለሌላዋ አደረች።
ካፒቴኑ በጀልባ ሻንጣውን ይዞ ወረደ፣
አዲሱ በዚያው ጀልባ ሲወጣ ሳል ወሰደው፣
ሌላ ለውጥ አልታየም።
ከታች ማንም ወርዶ ወሬ አልነገራቸው፤
ከሰል ያው ከሰል ነው፣ ጥቁር ነው ለሁላቸው።

ዲዬጎ ጭቃ ላይ ሦስት ክረምት ዛገች፤
በኪሎ ተመዝና ለቀጥቃጭ ተሸጠች።
አባቴ ከጎኗ አንድ ክንድ ለመነ፣
ቀጥቃጩ ቆረጠው፣ አካፋም ሆነ።
«ደግሞ አካፋ?» አልሁት።
ሳቀ፣ ያን ዕለት ብቻ።

የሩዝ ማሳ ቆፈርን፣ ቦይ ቀደድንበት፤
ዘንድሮ በመጋቢት ጉድጓድ ማስሁበት፣
ልክ እንደ ቁመቱ።
ስንገንዘው ጣቶቹን ላቃና ሞከርሁ፣
እምቢ አሉኝ። እናቴ «ተዋቸው» አለችኝ፣
«እንደ ለመዱት ይሂዱ።»

አፈሩን ስመልስ፣ አካፋ፣ ደግሞ አካፋ፣
ላቤን ልጠርግ ቆሜ ብረቱን ባየው፣
ከእጀታው ሥር፣ ጥፍር የምታህል፣
ነጭ ቀለም አለች፣ እስከ ዛሬ ያልጠፋ።