ሃያኛው ደቂቃ

መጋቢት ነው፤ ቀትር፤ አስፋልቱ ቀለጠ፣
ዘንባባው ከጥላው እኩሌታ ሸጠ።
የሁለት ዓመት ዕቁብ በጉያዬ ይዤ
ምንይችል ሱቅ ገባሁ፣ በሐሳብ ፈዝዤ።

አንዱን አወጣልኝ፣ ከካርቶኑ ገልጦ፣
እንደ ቀረሶ ጎን ብር መስሎ፣ አጊጦ።
«ኪሎ እንኳ አይሞላም!» አለ በጣት ሰቅሎ፣
«አሥራ አራት ኮር አለው፣ ባንድ አልጋ ተጠቅልሎ!»
እኔ ግን አሰብኩኝ፦ በባሕር ዳር ሙቀት
ሁለት ሰው አይችልም አንድ አልጋ፣ በመጋቢት።

ሌላው ላፕቶፕ ወፍራም፣ ጥቁር፣ የተገፋ፣
የቀበሌ ጸሐፊ መሳይ፣ አንገቱን የደፋ።
ሦስት ኪሎ ይመዝናል፤ ቀስ ብሎ ያስባል፤
ምንይችል ስለ እሱ ሲናገር ያዛጋል።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ሐይቁን እለካለሁ።
እምቦጭ ዛሬ ስንት ሄክታር እንደ ዋጠ ካርታ እሠራለሁ።
አረንጓዴው ሁሉ እምቦጭ አይደለምና፣
ደንገሉን ከወራሪው፣ ሩዙን ከደንገሉ መለየት አለና፣
ከሰማይ የተነሣ ፎቶ በፎቶ ላይ ስደራርብ
አሮጌው ማሽኔ ያቃስታል፣ እንደ ሰው ያልባል፣ ባያልብ።
አምና በሚያዝያ ጭኔን ጠብሶት ነበር፤
ምልክቱ አለ እስካሁን፣ አራት ማዕዘን፣ እንደ መሬት ድንበር።

ምንይችል ያሳየኝ የሦስት ደቂቃ ጉልበት ነው፤
ፊልም ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፤ «አየሽ?» አለ፣ «እሳት ነው!»
እሳትማ እሳት ነው፤ ጥርጥር የለኝም፤
እኔ ግን እሳትን ታቅፌ አልሠራም።

«በየራሳቸው» አልኩት፣ «የኔን ካርታ ልጫንበት፤
ግማሽ ሰዓት ልቀመጥ፤ ውሃም ካለህ ልጠጣበት።»

ስሱ ተፈተለከ።
በአምስተኛው ደቂቃ ደምቢያን ጨርሷል፤
ወፍራሙ ገና ደልጊ ላይ የጫማ ክሩን ያሥራል።
በአሥረኛው፣ ማራገቢያው
ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባ ንብ አለ።
በአሥራ አምስተኛው ሆዱን በእጄ ጀርባ ነካሁት፤
የታመመ ልጅ ግንባር መሰለ።
በሃያኛው ያ ፈረስ
ቀስ አለ። ከዚያም ይበልጥ ቀስ።
ማንም አልመታውም፣ ማንም ልጓም አልሳበ፤
ራሱን እንዳያቃጥል ራሱ ጉልበቱን ሰበሰበ።
«ሳይሞቅ የፈላ» ሲሉኝ
ሰው ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ወፍራሙ በሠላሳ አንድ፣ ስሱ በሠላሳ ሦስት ደረሱ።
ምንይችል ሰዓቱን አየ፤ ጣራውን አየ፤ ወደ ሬዲዮው ዞረ ፊቱ።

ጋሽ እንድሪስ ትዝ አለኝ፣ ታንኳ ሠሪው፣
ደንገል እያሠረ አንድ ማለዳ ያለው፦
«ታንኳ ስስ ነው፤ ስትወጪ በትከሻሽ ትሸከሚዋለሽ፤
ውሃ ግን ይጠጣል፤ ቀኑን ሙሉ ከቀዘፍሽበት ከብዶ ታገኚዋለሽ።
ነውር የለበትም። አቁመሽ ታደርቂዋለሽ።
ታንኳን የሚሰድብ፣ ስንት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ የተሳፈረ ነው።»

«ከዚሁ ከስሱ ዘር፣ ስምንት ኮር ያለው የለህም?» አልኩት።
እንደ ሞኝ አየኝ። ትንሹን የሚጠይቅ ገዢ ገጥሞት አያውቅም።
ከኋላ መደርደሪያ፣ ከቻርጀር ክምር ሥር፣ አቧራ ለብሶ ተገኘ።
አልፈጠነም። አልጮኸም።
ሃያኛው ደቂቃ መጣ፤ አለፈ፤ እንደ ጀመረው ሄደ።
በሃያ ዘጠኝ ጨረሰ።
«አጋጣሚ ነው» አለ ምንይችል፣ ብሩን እየቆጠረ።

የተረፈኝን ለጀልባ ቤንዚን አደረግኩት።

አሁን ወደ ማታ ነው፤ ከሐይቁ ነፋስ መጥቷል።
ማሽኑ ከጭኔ ላይ፣ እንደ ተኛ ድመት ለብ ብሏል።
ካርታው በመገጭ አፍ በኩል ዝግ ብሎ ይሞላል፣
አረንጓዴ በአረንጓዴ።
የድሮው ጠባሳዬ ያሳክከኛል፤ በቀሚሴ ላይ አከዋለሁ።
ደግ ነው እስካሁን። ግን አልመሰክርለትም፤
ሚያዝያ ገና አልመጣም።