የእሳት ቶና

በፈንዲሻ ማሽን፣ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ፣
ሁለት ጓንት ደርቤ፣ ስካርፍ ጠምጥሜ፣
ሲዳማውን ቆላሁ፣ ዊኒፔግ፣ በጥር፣
ሙቀቴን ውርጭ እየነጠቀኝ በበር ሥር።

አንዴም ሳይንጣጣ ደቂቃው አለቀ፤
እንደ ገብስ ገርጥቶ፣ እንዲያው ደረቀ።
ቀመስኩት፦ ድርቆሽ።

በረዶ ሲዝቅ የነበረው ኦረስት፣ ቀምሶ፣
«ጣለው!» አለ፤ «ቡና አይቆላም ተመልሶ፤
አንዴ የበረደ ልቡን አይሰጥም ጨርሶ።»

ሦስት ቀን ተኳረፍን፤
ቡናው በጣሳው ውስጥ፣ እኔ በሻይ።

በአራተኛው ማታ የብረት መጥበሻ ጣድኩ፤
ምድጃውን እስከ ጥጉ አዞርኩት።
ጢሱ ጣራ ሲደርስ ደወሉ አበደ፤
ይርገዱ በባንክ ካላንደር እያራገበች
«ገና ነው?» ትላለች፣ በሳል መሀል።
ገና ነው። ላማስል። ትንሽ ላማስል።
ከዚያ ጠሽ... አንዲት ፍሬ። ቆይታ፣ ሌላዋ።
እንዳፈረ ሰው ወሬ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ጠዋት አፈላነው። የአበባው ሽታ አምልጧል፤
ኦረስት ግማሽ እውነት አለው።
ግን ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል።

ወሰድኩለት። አጥሩን ተደግፎ ጠጣ፤
ስለ ቡናው አንድ ቃል ካፉ አልወጣ፤
ባዶውን ኩባያ
ድጋሚ ዘረጋ።