ከልክ በላይ የመጣ

ሐሙስ ማታ። ሻርጃ፣ የሠራተኛ ሰፈር።
ደመወዝ በገባ ሌሊት ዝም ብሎ ማን ሊያድር?
ስድስት መቶ ጉሮሮ በአንድ ክር ሊሻገር
ይጋፋል፤
እኔ ከደረጃው ሥር፣
ማቀዝቀዣው በሚያቃስትበት ጓዳ፣
ያገር ልጅ ሳልል ባዳ
የሚያልፈውን እቆጥራለሁ።

ኩርያን፣ አለቃዬ፣ ሥራ ያስያዘኝ ዕለት፦
«ባልዲ ነው በለው፤ በየቅጽበቱ ጠብ ይልበታል።
አላፊ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል፤
ባዶ ሲሆን የደረሰ ይጣላል።
አትዘንለት፤ ላኪው ደግሞ ይልካል።»

እውነቱን ነው። ሥዕል ቢጣል ይደገማል፣
የሐዋላ ደረሰኝም።
ድምፅ ግን አይደገምም።

ሸጋው፣ ስሚንቶው ከቅንድቡ ሳይራገፍ፣
ከራሴ በላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ
ስልኩን አስጩኾ ሚስቱን ይጠይቃል፦
«ስሙን ማን አላችሁት?»
«እኛማ . . . ብለነዋል።»
«ማን?»
«. . . ብለነዋል እኮ!»
ሳቋ ደረሰ፤ የጎረቤት ውሻ ጩኸት ሳይቀር ደረሰ፤
ስሙ ብቻ ከኔ ደጅ ወደቀ።

ትእዛዙን ቀየርኩ።
አትጣል፣ አሰልፍ አልኩት፤
ለተረፈው መቆያ ከፈትኩለት፣
በልኩ፣ ቀስ እያለ እንዲወጣ።
ፈውስ አይደለም፤ መቆያም ይሞላል፣
የዘገየ ሳቅም ያስከፋል።

ሸጋው እንደገና ጠየቀ። ዝም።
አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት፣
«ጠፋሽ እንዴ?» ሊል አፉን ሲከፍት
መጣ፣ ዘግይቶ፣ ሳይሸረፍ፦
«መቆያ።
መቆያ አልነው።»

ነገ ኩርያን መዝገቡን ያያል፤
ማን ነካው ይላል።
መልሴን እያሰለፍኩ ነው።