አንቺም ይሰማሻል?

ስድስት ሰዓት ሲሞላ፣ ሲረክስ የዳታው ዋጋ፣
ተማሪ እሆናለሁ፣ ሌሊቱ እስኪነጋጋ።
ስልኬን በጓንቱ ካርቶን አቁሜ፣ አስደግፌ፣
በአንዱ ጆሮዬ መምህሩን፣ በአንዱ ዎርዱን አቅፌ።
በተሰነጠቀው መስታወት የጎንደር ብርድ ይገባል፤
አሥራ ሁለት አልጋ ያንኮራፋል፣ አንዱ በሕልሙ ሰው ያባብላል።

የአእምሮ ጤና ነርሲንግ፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣
የማታ ሠራተኛ፣ የሌሊት ተማሪ።
እናቴ ግን ለጎረቤት፣ ስትጠየቅ ስትመልስ፣
«ስለ ደም ግፊት ነው» ትላለች፣ ድምጿን ቀነስ።
«የእብድ ነርስ» እንዳይሉኝ ነው፣ እዚያ አዘዞ፣
ወሬው ከቤት ቤት እንዳይዞር ስሜን ይዞ።

መምህሩ ሩቅ አገር ነው፤ ጠይቄው አላውቅም፤
ከኋላው ባለው መስኮት ግን፣ ፀሐዩ አልጠለቀም።
ሲያስተምር ፊቱ ይቆማል፣ አፉ እንደተከፈተ፣
ግማሹ ቃል ደረሰኝ፤ ግማሹ ቀሃ ማዶ ሞተ።
«ማዳመጥ ማለት…» ይላል፤ ምን ማለት እንደሆነ፣
ክቡ ሲዞር፣ ሲዞር፣ እንደዚያው ባከነ።

ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ጋሽ ዘገየ ነቁ።
የቴሌ ሰው ነበሩ፣ ፒያሳ የታወቁ፣
ገመድ ከቀዳዳ ሰክተው፣ ደባርቅን ከመተማ ሲያገናኙ፣
የሰው ሠርግ፣ የሰው መርዶ፣ ከሁሉ ቀድመው ሲያገኙ፣
ሠላሳ ዓመት ሰሙ።
ቦርዱ ተነቀለ፤ ድምፆቹ ግን አላቆሙ።
ቁርጭምጭሚታቸው ላይ
የሰንሰለት ዱካ አለ፣ ካልሲ ሲያወልቁ የሚታይ።
(ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም ፈተና ሲመጣ፣
ቀድሜ ቀምሼ ነው ስልኬን የማወጣ።
ሰንሰለቱን ግን…)

መጡ፤ ቆመው አዩኝ፤ ሽቦ ከጆሮዬ ወርዶ፣
ብቻዬን ስስቅ፣ «እሺ» ስል፣ ለማይታይ ሰው፣ ለማዶ።
ወንበር ሳቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣
ልክ እንደ ሐኪም ወጉ።
«አይዞሽ፤ አንቺም ይሰማሻል?»

ሁለት ሴሚስተር ተምሬ፣ ለዚህ መልስ አልነበረኝም።
«የለም» ብል ውሸት ነው፤ «አዎ» ብል እውነት አይሆንም።
አንዱን ነቅዬ ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ውስጥ ሰኩት፣
በለመደ አውራ ጣት፣ ያለ አንዳች ስሕተት።
በሽቦው ርዝመት ተራርቀን፣ አንድ ሰው ለሁለት ሰማን።

እሱ ስለ ድምፆች ነበር የሚያስተምረን ያን ለታ፣
በእንግሊዝኛ፣ በስላይድ፣ በዝግታ።
«ጨዋ ነው» አሉ ጋሽ ዘገየ። «የኔዎቹ እንዲህ አይታገሡም።
ግን ልንገርሽ፤ ይናገራል እንጂ፣ አይሰማም።
እኔ ሳገናኝ፣ ትንፋሹን ነበር የምጠብቀው፤
የሚያለቅስ ሰው ‹ሃሎ› አይልም፤ ዝምታው ነው የሚያሳብቀው።»

በዚያው ኔትወርኩ ጠፋ። ክቡ መዞር ጀመረ።
ልዘጋው እጄን ስሰድ፣
«አትዝጊው» አሉኝ። «ማዶ ሰው ነበረ።»

የቤት ሥራው ይኸው ነው፦ «ማዳመጥን በሦስት መቶ ቃል አስረጂ፣
ምንጭሽን ጥቀሺ።» ጻፍሁ፤ ተመልሼ አነበብሁ እንጂ፣
«ዘገየ፣ አልጋ ሰባት» ማለት አይቻልም፤
የታካሚ ስም አይጻፍም።
ሰረዝሁት። የምንጩ ቦታ ባዶ ቀረ።
መልእክቱ ሳይሄድ ነጋ፤ ቀኑም ተሻገረ።

በባጃጅ አዘዞ ወረድሁ፤ ዓይኔ እንቅልፍ እያማረው።
እናቴ ደጃፍ ቆማለች፣ ጎረቤቷም አጥሩ ሥር ነው።
«ደም ግፊቱ እንዴት አደረ?» አለች፣ ጮክ ብላ።
ጎረቤቷ ሄደ። እሷ አልሄደችም፤ ነጠላዋን ወደ ከንፈሯ ስባ፣
ቆመች።
የሆነ ስም አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ፣ መሰለኝ።

ሻንጣዬን መሬት አስቀመጥሁ።
ምንም አልመለስሁም።
ትንፋሿን ጠበቅሁ።