አንዷ ደረጃ

ታክሲው እታች ቆሞ ጎማውን ድንጋይ ያስደግፋል፤
ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም፤ ከዚህ ወዲያ እግር ብቻ ያልፋል።
ታስኮ ነው አገሩ፤ ነጭ ቤት በነጭ ቤት ትከሻ ላይ የወጣበት፣
የአንዱ ጣራ ለጎረቤቱ ደጅ የሆነበት።

እኔ ኦዲሎን ነኝ፤ ጋዝ አመላላሽ፤
አርባ ኪሎ ብረት በጀርባዬ፣ ጠፍሩ ከግንባሬ ላይ፣
«ጋአአዝ!» ብዬ እጣራለሁ አንጋጥጬ ወደ ላይ።
ድምፄ ቀድሞኝ ይወጣል፤ እሱ ምን ተሸከመ?
ሁለት ሁለት እየዘለለ ደርሶ፣ ሲጠብቀኝ ቆመ።

የዚህ ዳገት ደረጃዎች የአንድ እናት ልጆች አይደሉም፤
ስንዝር የሆነው፣ ጉልበት የደረሰው፣ በቁመት አይመሳሰሉም።
ሰው ሁሉ በደጁ ፊት ያፈሰሰው እንደ ኪሱ ነው፤
ብር የተወደደበት ዓመት ሰፊ ነው፣ ተረከዝ ያሳርፋል፤
የርካሹ ዓመት ጠባብ ነው፣ በጣት ብቻ ይታለፋል።
ማን መቼ እንደጠገበ፣ ማን መቼ እንደተራበ፣
በእግሬ ነው የማነበው።

እቆጥራለሁ። ካልቆጠርኩ ጉልበቴ ይለግማል።
አሥራ ሁለት ላይ ኮርኔሊዮ ብር ሲቀጠቅጥ ይሰማል።
ስልሳ አንድ ላይ ውሻው ተጋድሟል፤ አይነሳም፤ ባለርስት ነው፤
አርባ ኪሎ ይዤ ዞሬ የማልፍ እኔው ነኝ፣ ጭሰኛው።
ዘጠና ላይ እመቤታችን፣ የጓዳሉፔዋ፣ በመስታወት ሳጥን፤
ባለቀለም አምፖሎቿ ተቃጥለው አንዷ ቀርታለች፣ አረንጓዴዋ።
እዚያ ትንሽ እቆማለሁ። ለጸሎት ይመስላቸዋል።
ለትንፋሽ ነው።

መቶ ሰማንያ አራት ሲሞላ የዶኛ ኤውፍሮሲና በር።
ካልወረደች ሦስት ዓመቷ፤
አትክልቱ በቅርጫት፣ ወሬው በልጆች አፍ ይወጣላታል።
ሎሚ በውሃ ትሰጠኛለች፤ ገንዘቡን ሳትቆጥር ትጠይቀኛለች፦
«ስንት ሆነ ዛሬ?»
«መቶ ሰማንያ አራት።»
«መቶ ሰማንያ ሦስት ነው! አንተ ልጅ፣ ጋዙ ጭንቅላትህ ላይ ወጥቷል።»
ስድስት ዓመት ተከራከርን። በጠመኔ እያሰመርኩ ወረድኩ፤
ሽቅብም ቁልቁልም ያው ነው፤ አልተሳሳትኩ።
እሷም አልተሳሳተችም።

ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ፣ ጉሮሮዬ ተዘግቶ፣ ሳልጣራ ወጣሁ።
መጥረጊያ ይዛ ከደጇ በታች ጎንበስ ብላ አገኘኋት።
ጨርሳ ቀና አለች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ግድግዳውን ይዛ፣
በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት፣
የመጨረሻዋን ደረጃ ሳትነካ ተሻገረቻት።
ተጠግቼ አየሁ፦ ጠባብ፣ ጠማማ፣ በትርፍ ሲሚንቶ የተሠራች፤
ጠርዟ ላይ የመዳፍ ምልክት፣
አምስቱም ጣት።

«ያቺ ደረጃ አይደለችም» አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታ።
«አቡንዲዮ ዓርብ ማታ አፈሰሳት።
‹እስክትደርቅ እንዳትረግጫት፤ ስትደርቅ እጠራሻለሁ› አለኝ።
ቅዳሜ ጠዋት ማዕድኑ ጉድጓድ ወረደ።»
ሌላ አልጨመረችም።
እኔም ጫማዬን አየሁ፤
ስድስት ዓመት ሙሉ የረገጥኩበትን።

አሁን መቶ ሰማንያ ሦስት ላይ ቆሜ ጠፍሩን አጠብቃለሁ፤
የሁለት ደረጃ ቁመት በአንድ እግር አነሳለሁ፤
ጉልበቴ ይሰድበኛል፤ ብረቱ ጀርባዬ ላይ ይንገጫገጫል።
«ስንት ሆነ ዛሬ?» ትላለች ከውስጥ፤
ቢላዋዋ ሎሚ ሲቆርጥ ይሰማል።